ከዋጃ ወደ ሩቅ ገበያ ስለሚሸጥና ስለሚላክ ዕቃ

ገዢና ሻጭ ፊት ለፊት በሚገናኙበት ገበያ የገዢው ዐይንና እጅ ዳኛ ናቸው። ጤፍ የሚገዛ ሰው ከጆንያው አፍ እፍኝ ዘግኖ በመዳፉ ላይ ይበትነዋል፤ እፍ ብሎ ገለባውን ያያል፤ ጥቂቱንም በጥርሱ ቆርጥሞ አሸዋ እንዳለበትና እንደሌለበት ይለያል። ቅቤ የምትገዛ ሴት በጣቷ ጫፍ ወስዳ ታሸታለች፤ ፍየል የሚገዛም ወገቡን ዳብሶ ጥርሱን ይመለከታል። ይህን ሁሉ ከፈጸመ በኋላ ገዢው ቢጸጸት ወቀሳው በአብዛኛው ወደ ራሱ ይመለሳል። ዛሬ ግን በእጅ ቴሌፎንና በኢንተርኔት አማካይነት ገዢው በአዲስ አበባ፥ ሻጩ በዋጃ ተቀምጠው ሲገበያዩ ያ ዐይንና ያ እጅ በመካከል የሉም። በእነርሱ ፈንታ የሚቆመው የሻጩ ቃል ነው። እንግዲህ በሩቅ ገበያ የሚነግድ ሰው ከዕቃው አስቀድሞ ቃሉን እንደሚሸጥ ሊያውቅ ይገባዋል። ይህም ጽሑፍ ቃሉ እንዴት እንደሚጻፍ፥ ዕቃው እንዴት ታስሮ እንደሚላክ፥ ገንዘቡም እንዴት እንደሚጠበቅ ለማስረዳት ቀርቧል። ለባለ ሥልጣኖችና ለካህናት ጭምር የምንጽፈው ገበሬው ያላወቀው ነገር ሲያጋጥመው ምክር የሚጠይቀው ከእነርሱ ስለ ሆነ ነው።

ዋጃ በራያ ቆላ፥ ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። አገሩ ሜዳና ሞቃት፥ መሬቱም ለም ነው፤ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሳን ማጠጣት ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ጥበብ ነው። ዋናው እህል ማሽላና ጤፍ ሲሆን ከማሽላው ወገን ደጋሊት የሚባለው በራያ ሰው ዘንድ ስሙ የተወደደ ነው። በአቅራቢያው ባለው በቆቦ ጊራና ሸለቆም ከመሬት በታች ያለውን ውሃ በጉድጓድ እያወጡ ማጠጣት ከተጀመረ ወዲህ ሽንኩርትና ቲማቲም ለገበያ በብዛት ይመረታል። ይህ ሁሉ ምርት ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል። ነገር ግን ጭነት መኪና ይዞ ወደ ማሳው የሚመጣው ነጋዴ የአዲስ አበባን ዋጋ በዚያው ማለዳ ጠይቆ ያውቃል፤ ገበሬው ግን ብዙ ጊዜ አያውቅም። አንዱ ዐውቆ አንዱ ሳያውቅ የሚደረግ ውል ወዴት እንደሚያዘነብል መናገር አያስፈልግም። ቴሌፎን ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቅመው በዚህ ነው፤ ምንም ዕቃ ሳይልክ እንኳ ዋጋውን በሁለት ወይም በሦስት ቦታ ጠይቆ የሚደራደር ገበሬ ከትናንትናው ገበሬ ይሻላል።

ስለ ደላላ ክፉ መናገር ቀላል ነው። ይሁን እንጂ ደላላው ያለ ሥራ አይበላም፤ ገዢ ይፈልጋል፥ መኪና ያገናኛል፥ ጫኝና አውራጅ ይቀጥራል፥ የተበላሸውንም እህል ለይቶ ለማን እንደሚሸጥ ያውቃል። ደላላውን ትቶ በራሱ ሊሸጥ የሚሻ ሰው ይህን ድካም ሁሉ በራሱ ጫንቃ ላይ እንደሚያነሣ አስቀድሞ ያስብ። ይህን ሳያስቡ የገቡ ብዙዎች ናቸው፤ በጥቂት ወር ውስጥም ተሰላችተው ትተውታል።

ማናቸውም ዕቃ ለሩቅ ገበያ አይሆንም። ቲማቲም በጥቅል ተልኮ ሰው ቤት የሚደርስ ነገር አይደለም፤ በሙሉ መኪና ተጭኖ በሌሊት የሚሄድ ነውና በቴሌፎን ዋጋውን ተስማምቶ እንደ ጥንቱ መጫን ይሻላል። ለጥቅል የሚመቸው የማይበሰብስ፥ ከክብደቱ ይልቅ ዋጋው የሚበልጥ፥ በመንገድም የማይሰበር ነው። በወንፊት ተነፍቶ በ25 ኪሎ የታሸገ ጤፍ፥ የተለቀመ ሽምብራ፥ የተዘጋጀ ሽሮና በርበሬ፥ ማር፥ የእጅ ሥራ ጋቢና ነጠላ፥ ስፌትም ለዚህ ይስማማሉ። ደጋሊት ማሽላ በአዲስ አበባ ለሚኖር የራያ ተወላጅ የአገሩ ሽታ ስለ ሆነ ሌላው ገዢ ከሚከፍለው አብልጦ ይከፍልበታል፤ እንዲህ ያለውን ገዢ መፈለግ መልካም ነው። ቅቤም ይሸጣል፤ ስለ ሙቀቱ ግን ከዚህ በታች የምንናገረውን ማስተዋል ያስፈልጋል።

አሁን ስለ ቃሉ አጻጻፍ እንናገር፤ በዚህ ነገር ብዙ ጥፋት እናያለንና። ሻጮች በቴሌግራምና በፌስቡክ የሚጽፉትን የተመለከተ ሰው «ምርጥ»፥ «ልዩ»፥ «አንደኛ ደረጃ» ከሚሉት ቃሎች በቀር አንድም የሚጨበጥ ነገር አያገኝም። (ቴሌግራም የሚለው ስም ቀድሞ በሽቦ ለሚላክ አጭር ቃል ነበረ፤ እያንዳንዱ ቃል ስለሚያስከፍል ሰው ሁሉ ቁም ነገሩን ብቻ ይጽፍ ነበር። ዛሬ በዚያው ስም የሚጠራው በነፃ ስለ ሆነ ሳይሆን አይቀርም ቃሉ እንዲህ የበዛው።) «ምርጥ ጤፍ» ብሎ ከመጻፍ ይልቅ «ነጭ ጤፍ፥ የ2017 ዓ.ም. መኸር፥ በወንፊት የተነፋ፥ ከሌላ ያልተደባለቀ፥ ጥቂት ቀይ ፍሬ ያለበት፥ 25 ኪሎ፥ ከዋጃ» ብሎ መጻፍ ገዢውን ያሳርፈዋል። ከዚህ ጽሑፍ ውስጥ ከሁሉ የሚጠቅመው ቃል «ጥቂት ቀይ ፍሬ ያለበት» የሚለው ነው። ጉድለቱን በራሱ አፍ የተናገረ ሻጭ ስለ ቀረው የሚናገረው ይታመንለታል፤ ገዢውም ዕቃው ሲደርሰው የሚያየው የተነገረውን ስለ ሆነ የሚከራከርበት ምክንያት አያገኝም።

መለኪያውም የታወቀ ይሁን። ቁናና ጣሳ እንደ አገሩ ይለያያል፤ የዋጃ ጣሳ ከደሴ ጣሳ እኩል መሆኑን ማንም ሊምል አይችልም። ስለዚህ እህል በኪሎ፥ ጨርቅ በሜትር ይነገር፤ የጆንያው ክብደት ከእህሉ ጋር ተቆጥሮ እንደ ሆነም ይገለጽ። በኦሪት ስለ ሚዛንና ስለ መስፈሪያ የታዘዘውን ካህናት ከእኛ ይልቅ ያውቁታል፤ ለዛሬውም ገበያ ቢያስተምሩበት ትምህርቱ አያረጅም። ፎቶግራፉ በጠዋት ብርሃን፥ ከቤት ውጭ፥ ቀለሙን የሚለውጥ ነገር ሳይጨመርበት ይነሣ። የዕቃው ትልቅነት እንዲታወቅ በአጠገቡ የታወቀ ነገር፥ ለምሳሌ የአንድ ብር ሳንቲም፥ ማስቀመጥ ይበጃል። የሌላውን ሰው ፎቶግራፍ ወስዶ የራሱን ዕቃ የሚሸጥ ግን መልክ ባይሠርቅም እምነት ይሠርቃል። ዕቃው ተሸጦ ካለቀም ማስታወቂያው በዚያው ቀን ይነሣ፤ በሌለ ዕቃ የሚደወልለት ሻጭ የገዢውን ጊዜ ያባክናል፥ ሁለተኛም አይደወልለትም።

ዋጋ ሲነገር ሒሳቡ እስከ መጨረሻው ይታሰብ። ለምሳሌ ያህል የአንድ ኪሎ ጤፍ ዋጋ 100 ብር ነው እንበል፤ 25 ኪሎ 2500 ብር ይሆናል። ነገር ግን ጆንያ አለ፤ የማስነፊያ ድካም አለ፤ እስከ መናኸሪያ የሚያደርሰው ጋሪ ወይም ባጃጅ፥ የጫኝ፥ የአውቶቡሱ የዕቃ ኪራይ፥ አዲስ አበባ ሲደርስም ከመናኸሪያ እስከ ቤት የሚያደርሰው ሰው ዋጋ አለ። ይህ ሁሉ ተደምሮ 400 ብር ቢደርስ በኪሎ 16 ብር ማለት ነው። ሻጩ ይህን ሳይቈጥር «ከአገሬ ገበያ በኪሎ 10 ብር አተረፍሁ» ቢል 6 ብር ከስሮ ደስ ብሎታል። የመላኪያው ዋጋ በማን ላይ እንደ ሆነ፥ በመንገድ ለሚደርሰው ጉዳትም ማን ተጠያቂ እንደ ሆነ ዕቃው ከመነሣቱ በፊት በጽሑፍ መልእክት ይነጋገሩ። በቃል የተነጋገሩትን ሁለቱም ወገኖች ለራሳቸው በሚስማማ መንገድ ያስታውሱታልና።

ስለ ገንዘብ አከፋፈል ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር ሥራ ላይ ስለ ዋለ፥ ባንኮችም በእጅ ቴሌፎን ገንዘብ ስለሚያስተላልፉ፥ ብር ይዞ መንገድ መሄድ እንደ ቀድሞው ግድ አይደለም። አታላዮችም አብረው መጥተዋል። በብዛት የሚታየው ማታለል እንዲህ ነው፤ ገዢ ነኝ ባዩ ገንዘቡን የላከ የሚያስመስል መልእክት ወይም የተሠራ የደረሰኝ ፎቶግራፍ ይልክና «መኪናው ሊነሣ ነው፥ ዕቃውን ቶሎ አስጭን» እያለ ያጣድፋል። ሻጩ መልእክቱን አምኖ ያስጭናል፤ ገንዘቡ ግን አልገባም። እንግዲህ መልእክትን አትመኑ፤ ገንዘቡ መግባቱን ከራሳችሁ ሒሳብ ገብታችሁ ተመልከቱ፤ በቴሌብር እንደ ሆነ ኢንተርኔት በሌለበትም *127# ደውሎ ቀሪውን ማየት ይቻላል። የምሥጢር ቁጥራችሁን ለማንም፥ ከቴሌ ወይም ከባንክ ነኝ ለሚልም ቢሆን፥ አትንገሩ። «በስሕተት ገንዘብ ልኬብሃለሁና መልስልኝ» የሚል ሲደውልም አስቀድሞ ገንዘቡ በእርግጥ መግባቱ ይታይ፤ ከዚያም በባንኩ ወይም በአገልግሎት ሰጪው በኩል ይመለስ።

ገዢውም በበኩሉ የማያውቀውን ሻጭ ሙሉ ገንዘብ አስቀድሞ ሊሰጥ ቢፈራ አይፈረድበትም። አንዱ ማስታረቂያ ቀብድ ነው፤ ገዢው ግማሹን ወይም የመላኪያውን ያህል ከፍሎ የቀረውን ዕቃውን ሲረከብ ይከፍላል። በህንድ አገር ይህ ችግር በፖስታ ቤት ተፈትቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1877 ጀምሮ ፖስተኛው ዕቃውን ለገዢው አስረክቦ ዋጋውን ተቀብሎ ለሻጩ የሚልክበት ሥርዓት ተቋቁሟል። በእኛ ዘንድ የዋጃ ሰው በአዲስ አበባ ያለው ዘመድ ይህን ሥራ ሊሠራለት ይችላል፤ ዕቃውን ከመናኸሪያ ተረክቦ፥ ለገዢው አሳይቶ፥ ገንዘቡን ተቀብሎ ይልካል። ለድካሙም የተቈረጠ ዋጋ ይሰጠው፤ «ዘመድ ነው» ተብሎ በነፃ የሚሠራ ሥራ ሁለት ጊዜ በደስታ፥ ሦስተኛውን ጊዜ በማጉረምረም ይፈጸማልና።

ዕቃውን ስለ ማሰር ብዙ ሰው ቸል ይላል። ከዋጃ አዲስ አበባ የሚሄድ ጥቅል በአውቶቡስ ጣሪያ ወይም ሆድ ውስጥ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ይናወጣል፤ ሌላ ጭነት ይጫነዋል፤ በመናኸሪያም ከትከሻ ከፍታ ይጣላል። ስለዚህ ከመላኩ በፊት መፈተን ያስፈልጋል። የታሰረውን ጥቅል ገልብጡት፥ ነቅንቁት፤ ውስጡ የሚንቀሳቀስ ድምፅ ከተሰማ ባዶ ቦታ አለና በጨርቅ፥ በጋዜጣ ወይም በጭድ ይሞላ። ዱቄትና በርበሬ በሁለት ድርብ ላስቲክ ይግባ፤ አንዱ ቢቀደድ ሁለተኛው ይይዘዋል። ከናፍጣና ከቤንዚን ጄሪካን አጠገብ እንዳይጫን ለረዳቱ በግልጥ ይነገር፤ ሽሮ የናፍጣ ሽታ ከጠጣ በኋላ ማንም አይመልሰውም። ማር ክዳኑ በሚጠመዘዝ ዕቃ ይሁን፤ እስከ አፉም አይሞላ፥ በሙቀት ይነፋልና። ቅቤ በራያ ቆላ ቀትር ይቀልጣል፤ እንግዲህ ቢቻል የነጠረ ይላክ፥ ካልሆነም በጥብቅ በተዘጋ ዕቃ ሆኖ ሌሊት ሲነጋጋ በሚነሣው መኪና ይጫን፤ ተረካቢውም መድረሻውን ጠብቆ ይገኝ። ስም፥ ከተማና የቴሌፎን ቁጥር በውጭ ብቻ ሳይሆን በውስጥም በወረቀት ተጽፎ ይቀመጥ። የውጩ ጽሑፍ በዝናብና በፍትጊያ ሲጠፋ ባለቤቱን የሚያሳውቀው የውስጡ ወረቀት ነው።

በአውቶቡስ ሲላክ የሰሌዳው ቁጥር፥ የረዳቱ ስምና ቴሌፎን፥ የተነሣበትም ሰዓት ይጻፍ፤ ጥቅሉ ሲጫን ፎቶግራፍ ይነሣና ለገዢው ይላክለት። ደረሰኝ የሚሰጥ የጭነት ድርጅት ካለ ጥቂት ዋጋ ቢጨምርም እርሱን መምረጥ ይሻላል፤ የዕቃው ዋጋ በደረሰኙ ላይ ካልተጻፈ ሲጠፋ የሚከፈለው ካሣ ለክርክር ይዳረጋል። የበዓል ዋዜማ የሚደርስ ዕቃ አትላኩ፤ መናኸሪያው ተጨናንቆ፥ ተረካቢውም ወደ አገሩ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ፖስታ ቤትንም አንርሳ። የኢትዮጵያ ፖስታ በ1886 ዓ.ም. በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ተቋቁሞ በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆኗል፤ ፈጣን መልእክት የሚባለውም አገልግሎቱ ትንንሽና ውድ ዕቃን በመዝገብ ያደርሳል። በአሜሪካ አገር የመንግሥቱ ፖስታ 2 ኪሎ እንኳ የማይሞላውን ብቻ ይቀበል በነበረበት ጊዜ በገጠር የሚኖረው ገበሬ በግል አጓጓዦች ዋጋ ይቸገር ነበር፤ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1913 ትልቁን ጥቅል መቀበል ሲጀምር ግን የሩቁ ንግድ እጅግ ሰፋ። ከዚህ የምንረዳው ዕቃ የሚያደርስ የታመነ እጅ ከሌለ ማስታወቂያው ብቻውን ገበያ እንደማይሆን ነው። ለዋጃም አስተዳደሩ በመናኸሪያው አጠገብ የታመነ ሚዛንና የሚቈለፍ የዕቃ ማቆያ ክፍል ቢያዘጋጅ ከብዙ ስብሰባ ይልቅ ይረዳል።

የመስመር መቋረጥም የታሰበ ይሁን። ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ጦርነቱ ሰሜን ወሎን በያዘ ጊዜ ባንክ፥ ቴሌፎንና መብራት ተቋርጠው ነበር፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮም በአማራ ክልል የእጅ ቴሌፎን ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተዘግቷል። ገዢዎቹን ሁሉ በቴሌግራም ብቻ የሚያውቃቸው ሻጭ በአንድ ቀን ደንበኛ አልባ ሆነ። ስለዚህ የደንበኞች ስምና ቴሌፎን ቁጥር፥ የተላከው፥ የተከፈለውና የቀረው ሒሳብ በወረቀት መዝገብም ይያዝ።

በሕግ በኩል የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክ መንገድ የተደረገ ውልና መልእክት ሕጋዊ ዋጋ እንዲኖረው አድርጓል። ከዚህ የተነሣ ሻጭና ገዢ የተላላኩትን መልእክት አያጥፉ፤ ክርክር ቢነሣ ማስረጃቸው እርሱ ነው። ንግዱን እንደ ሥራ የያዘ ሰው የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ ለባለ ሥልጣኖች የምናሳስበው አለን፤ አንዲት ሴት ሽሮ አዘጋጅታ ለመሸጥ ፈቃድ ፈልጋ ሦስት ቀን ከተመላለሰች በአራተኛው ቀን ያለ ፈቃድ ትሸጣለች። ከዚያ ወዲያ መንግሥት ግብሩን፥ ገዢው ዋስትናውን፥ እርሷም ስሟን ታጣለች።

የማይሸጥ ነገርም አለ፤ ይህ በተለይ ካህናትን ይመለከታል። የብራና መጻሕፍት፥ አሮጌ መስቀልና ሥዕል በኢንተርኔት ገበያ ላይ በውጭ ገንዘብ ሲሸጡ ይታያሉ። ለገጠር ቤተ ክርስቲያን አንድ ፎቶግራፍ አንሥቶ «ይህ ስንት ያወጣል» ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ የንግድ ሰው እንጂ የታሪክ ወዳጅ መስሎ ቢመጣ አትመኑት። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ከመቅደላ የተወሰዱ የመጽሐፍ ቅዱስ ብራናና የቀንድ ዋንጫዎች በ2013 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ለሐራጅ ቀርበው በኢትዮጵያ ኤምባሲ ጥያቄ ከሽያጩ ወጥተዋል፤ ከ150 ዓመት በላይ ቈይቶ የአንድን መጽሐፍ መመለስ ምን ያህል እንደሚያደክም ከዚህ ይታያል። በየደብሩ ያለው ንብረት ከነፎቶግራፉ በመዝገብ ቢያዝ የጠፋው ዕቃ በሽያጭ ላይ ሲገኝ የእኛ ነው ለማለት ማስረጃ ይሆናል። አዲስ የተሠራ መስቀል፥ ጧፍና ዕጣን ግን ማንኛውም ሰው በግልጥ ሊሸጥ ይችላል፤ አዲስ መሆኑን ጽፎ።

በመጨረሻ ስለ ቅሬታ ጥቂት እንበል። የቺካጎው ነጋዴ አሮን ሞንትጎመሪ ዋርድ እ.ኤ.አ. በ1872 ለገበሬዎች በዝርዝር ወረቀት መሸጥ ጀምሮ በ1875 ዕቃው ያላስደሰተው ሰው ገንዘቡ እንዲመለስለት ቃል ገባ። ቃሉ ለሩቁ ገዢ የመዳሰሻ እጅ ሆነለት። የዋጃ ሻጭ ይህን ሙሉ በሙሉ ለማድረግ አቅም ባይኖረው በልኩ ሊያደርገው ይችላል፤ ለአዲስ ገዢ አስቀድሞ ግማሽ ኪሎ ናሙና ይላክ፤ ዕቃው በደረሰ በሁለት ቀን ውስጥ በፎቶግራፍ የተነገረ ቅሬታ ይታይ፤ ሚዛን ከጐደለ የጐደለው በሚቀጥለው ጭነት ይጨመር ወይም በዚያው ቀን በቴሌብር ይመለስ። ቅሬታ ሲመጣ በመጀመሪያ የሚመረመረው የራስ ሚዛን ነው፤ ቀጥሎም ጥቅሉ በመንገድ የተከፈተ እንደ ሆነ ረዳቱ ይጠየቅ። የተመለሰውም ገንዘብ ከነምክንያቱ በመዝገቡ ይጻፍ፤ በዓመቱ መጨረሻ መዝገቡ ሲገለጥ ጉድለቱ ከወንፊቱ፥ ከጆንያው ወይም ከአንዱ መኪና እንደ መጣ ይታወቃል።